የሩቁ ጀግናና የአባቴ ስም

የታሪክ አጻጻፍ በሚባለው ኮርስ ላይ ለተማሪዎቼ ሁልጊዜ የማነሣው ጀግና የቻይና ሰው ነው። በደቡብ ቻይና ዡዋንግ የሚባል ሕዝብ አለ። ከሺህ ዓመት ገደማ በፊት ከዚህ ሕዝብ አንድ ሰው ተነሥቶ በንጉሠ ነገሥቱ ላይ ሸፈተ፣ ከተሞች ያዘ፣ ተሸነፈ፣ ጠፋ። አሟሟቱን እንኳ በእርግጠኝነት የሚናገር የለም። የቤተ መንግሥቱ ጸሐፊዎች ወንበዴ ብለው ጻፉት። ዘመን ተገለበጠና አብዮተኞች ሲመጡ የጭቁኖች መሪ ሆነ። ከዚያ ምሁራኑ ተከራከሩበት፤ ገሚሱ ድንበር ያስጠበቀ አገር ወዳድ ነው አለ፣ ገሚሱ የለም ገንጣይ ነው አለ፣ የሕዝቡ የልጅ ልጆች ደግሞ የዘራችን ኩራት ብለው አቀፉት። የአገሬው ገበሬ ምሁራኑን ሳይጠይቅ ስለት ይሳልለታል።

ይህን ሁሉ ሰሌዳው ላይ በየዘመኑ ከፍዬ እጽፋለሁ። ከዚያ ዞር ብዬ «ተለወጠ የምትሉት ሰውየው ነው ወይስ አንባቢው?» እላለሁ። ሮቤ ውስጥ ባስተማርኩባቸው ዓመታት ሁሉ፣ በየዓመቱ ማለት ይቻላል፣ ከኋላ ወንበር አንዱ እጁን ሳያወጣ «መምህር፣ ይሄ የኛው ሰውዬ አይደለም እንዴ?» ይላል። ክፍሉ ይስቃል። እኔ ሰሌዳውን አጠፋለሁ።

ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ ይባላል። እኔ ግን ምሳሌ ፍለጋ ቻይና ድረስ የሄድኩት ለጣዕሙ አይደለም። የቅርቡን ጀግና ማስተማር ስለማልችል ነው። የቅርቡ ጀግና አባቴን ገድሎታል።

እናቴ በስሙ ጠርታው አታውቅም። «ሰውየው» ነበር የምትለው፤ እኔም ከእሷ ወረስኩ። ሰውየው በመሬትና በግብር ጉዳይ ከመንግሥት ጋር ተጣልቶ ወደ ባሌ ተራሮች የወጣ፣ ብዙ ገበሬም የተከተለው ሰው ነበር። በደሉ እውነት ነበር፤ ይህን አልክድም። አባቴ ይሠራበት ከነበረው የጎባ ችሎት መሬቱን ተነጥቆ የሚወጣው ገበሬ ብዙ እንደነበር እናቴ ራሷ ትናገር ነበር።

አባቴ የዚያ ችሎት አስተርጓሚ ነበር። ባለጉዳዩ በኦሮምኛ ይናገራል፣ ዳኛው አማርኛ ብቻ ይሰማል፣ አባቴ መካከላቸው ይቆማል። አያቱ ከሰሜን የመጡ ሰፋሪ ነበሩ፤ እሱ ግን ጎባ ተወልዶ ኦሮምኛን ከእኩዮቹ ጋር በጨዋታ የተማረ ሰው ነው። እንዲህ ያለውን ሰው በሰላም ጊዜ ሁሉም ይፈልገዋል፣ ነገር ሲበላሽ ሁሉም ይጠረጥረዋል። አንድ ቀን ጦሩ የሰውየውን ሰፈር ድንገት ከበበና ብዙ ሰው አለቀ። ማን ጠቆመ ተባለ። በዚያው ሰሞን አባቴ ከዳኛው ጋር የድንበር ክርክር ሊያዩ በበቅሎ ወደዚያ ወጥተው ነበር። ያየው ሰው ለሰውየው ነገረው። አባቴን ከመንገድ ወሰዱት፤ ሬሳው ኮሶ ዛፍ ሥር ተገኘ። እኔ ገና ጡት አልጣልኩም ነበር።

ከዚያ ወረቀት መጣ። የአውራጃው ሹም የአገሩ ሰው ከመንግሥት ጎን ነው ለማስባል አንድ ሟች ያስፈልገው ነበርና አባቴን አገኘ። በጊዜው ጋዜጣ ላይ «ስለ ሽፍቶቹ መደበቂያ ታማኝ መረጃ በመስጠት ግዴታውን ተወጥቶ የወደቀ» ተብሎ ተጻፈለት። ውሸት ነበር። አባቴ ለማንም ምንም አልጠቆመም። ግን ለሐዘንተኛ መበለት «ባልሽ ጀግና ነው» ሲሏት ማን ይከራከራል? እናቴ ፊደል አልቆጠረችም፤ ሲያነቡላት አለቀሰች፣ አመሰገነች።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ከዚያ በኋላ የመጣ ዘመን ሁሉ ሰውየውን እንደ አዲስ ሲተረጉመው፣ ስለ አባቴ የሚጠቅሰው ያንኑ ጋዜጣ ነው። በንጉሡ ጊዜ ሰውየው ሽፍታ ሲሆን አባቴ በጋዜጣው ምስክርነት ታማኝ አገልጋይ ነበር። በደርግ ጊዜ ሰውየው የጭቁን ገበሬ መሪ ሲሆን አባቴ በዚያው ጋዜጣ ምስክርነት የባላባት ሎሌ ሆነ። ቀጥሎ በመጣው ጊዜ ሰውየው የሕዝቡ የነጻነት አባት ሲባል አባቴ፣ አሁንም በዚያው ጋዜጣ፣ ባንዳ ሆነ። አንድ የአካባቢ ሳይንስ ምሁር ደግሞ በቅርቡ ሰውየው ጫካ ውስጥ ስለኖረ ብቻ የደን ጥበቃ ፋና ወጊ ነው ብሎ ጥናት ሲያቀርብ ሰምቼ በልቤ «ጎሽ! አባቴን ደግሞ ዛፍ ቆራጭ በልልኝ» አልኩ። ስቄ አይደለም። በጣም ደክሞኝ ነበር።

አሁን ጉማውን ልናገር። እዚህ ለመጻፍ የደፈርኩት ከማሉት ሰዎች ዛሬ የቀረ ስለሌለ ነው።

በባሌ ሰው ሰውን ሲገድል ነገሩ የሚያልቀው በፍርድ ቤት ብቻ አይደለም። ሽማግሌዎች መሐል ገብተው የገዳይ ወገን ለሟች ወገን የደም ካሳ ይከፍላል፣ በግ ይታረዳል፣ የሁለቱም ወገን እጅ ደሙን ይነካል። ይህ ጉማ ይባላል። ከዚያ ወዲያ ያ ደም ተዘጋ፤ ማንም ላያነሣው ይማማላል። ያነሣው ሰው ደሙን እንደ አዲስ ያፈሰሰ ያህል ነው፤ በራሱና በልጆቹ ላይ ይመለሳል።

ሰውየው ከመሞቱ በፊት ጥቆማውን የሰጠው የገዛ ቤተ ዘመዱ እንደነበር ደርሶበት ኖሯል። «ለዚያች መበለት ጉማ ክፈሉ» ብሎ ለታናሽ ወንድሙ ተናዞ ሞተ። ወንድምየው ሽማግሌ ይዞ ጎባ መጣ። እኔ ያኔ ትምህርት ቤት የገባሁ ልጅ ነበርኩና ትዝ ይለኛል። በጉ ከቤታችን በስተጀርባ፣ ገብስ ማሳው ጫፍ ላይ ታረደ። ሥጋውን ማንም አልበላም። የሙስሊም ቢላ ስላረደው እኛ አንበላም፤ እነሱ ደግሞ የጉማ በግ አይበላም አሉ። ለጅብ ተተወ።

ካልረሳኋቸው ነገሮች ዋናው ውኃው ነው። በእነዚያ ሽማግሌዎች ወግ፣ ጥፋቱ የሁለቱም ወገን ከሆነ ሁሉም ደሙን ከእጁ ላይ ራሱ ይታጠባል። ሟቹ ያለ ጥፋቱ የሞተ ከሆነ ግን የገዳዩ ወገን ታላቅ ሰው ተነሥቶ ለሟቹ ወገን እጅ ያስታጥባል። ቃል አይወጣም፤ ውኃው ነው የሚናገረው። የሰውየው ወንድም ማንቆርቆሪያውን አንሥቶ እናቴን አስታጠባት። እናቴ እጆቿን ዘርግታ፣ እንባዋ ከውኃው ጋር እየወረደ፣ እስኪበቃት ታጠበች። ከዚያ ማሉ። የአባቴ ንጽሕና የታወቀው በዚያች ሰዓት ነው፤ እንዳይነገር የተቆለፈበትም በዚያችው ሰዓት ነው።

እናቴ መሐላዋን እንደ ጾም ጠበቀችው። በደርግ ጊዜ ተማሪ ቤት ለበዓል ሰልፍ የሰውየውን ምስል እንድይዝ ቁመቴ ታይቶ ተመረጥኩ። ለእናቴ እየፈራሁ ነገርኳት። ምንም ሳትለኝ ዩኒፎርሜን በከሰል ካውያ ተኩሳ፣ ጸጉሬን ሠርታ ሰደደችኝ። የአባቴን ገዳይ ምስል ተሸክሜ ጎባን ዞርኩ። በኋላ ሰፈር ውስጥ የባንዳ ልጅ ብለው ሲሰድቡኝ እያለቀስኩ ብመጣ «ዝም አይነቅዝም» አለችኝ። ይህን ተረት ከዚያ ቀን ጀምሮ እጠላዋለሁ። ዝምታ ይነቅዛል፤ እኔ ውስጡን አይቼዋለሁ።

የመጨረሻው ነገር የመጣው ከሮቤ ወደ አጋርፋ በሚወስደው መንገድ ዳር ለሰውየው መታሰቢያ ይቁም ሲባል ነው። ድንጋዩ ላይ የሚጻፈውን የሚያዘጋጅ ኮሚቴ ተቋቋመና የታሪክ መምህር ተብዬ ገባሁበት። ረቂቁን የጻፈው የቀድሞ ተማሪዬ ነው። ጥሩ ልጅ ነው፤ ክፉ ቢሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር። አስተርጓሚው የእኔ አባት እንደሆነም አያውቅም ነበር። ረቂቁ መሐል እንዲህ ይላል፦ «የፍርድ ቤቱን አስተርጓሚ ጨምሮ ለጠላት ያደሩ ባንዳዎችን በፍትሕ የቀጣ።»

ለእናቴ መደበቅ አልቻልኩም፤ ከተማው ትንሽ ነው፣ ወሬው ከእኔ በፊት ደርሷል። አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ነጠላዋን እያጣጠፈች ጠበቀችኝ።

«ድንጋይ ላይ ሊጽፉት ነው አሉ» አለች።

«ገና ረቂቅ ነው፣ እማዬ።»

«እኔ ሌላ አልፈልግም። ጀግና እንዲሉት አልፈልግም። ሳልሞት ያቺን ቃል ድንጋይ ላይ እንዳላይ ብቻ አድርጊልኝ።»

«ታዲያ እውነቱን ልንገራቸው?»

እጆቿን ወደ እኔ ዘረጋቻቸው። «እነዚህ ደም ነክተው ምለዋል። አንቺ አጠገቤ ቆመሽ ነበር። ደም ብትከፍቺ በማን ልጆች ላይ ይመስልሻል የሚመለሰው?» ልጆቼን እያሰበች ነው። ደግሞም «ማንበብ ባልችልም፣ ሰው ሲያነበው ፊቱን አያለሁ» አለች።

ሌላው መሐለኛ የሰውየው ወንድም ነበሩ። እሳቸውም ያኔ በሕይወት ነበሩ፤ ሐጂ ነበር የምንላቸው። ቅዳሜ ተነሥቼ ሲናና ወዳለው እርሻቸው ሄድኩ። የስንዴ አጨዳ ወቅት ነበርና ኮምባይነሩ ከማሳው ወዲያ ማዶ ይጮሃል። ሐጂ ደጃፍ ላይ ብርድ ልብስ ተከናንበው ፀሐይ ይሞቃሉ።

«ነጋ ጂርቱ፣ ሐጂ?»

«አልሐምዱሊላህ። ኢንተላ ኮ፣ ነይ፣ ነይ ልጄ። እናትሽስ?»

«እግሯን ያማታል። ትጸልይልዎታለች።»

ረቂቁን አነበብኩላቸው። ያቺ መስመር ጋ ስደርስ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ሐጂ፣ እውነቱን ይናገሩ አልልም። ይህቺ መስመር ትውጣ ብለው ብቻ ይንገሯቸው። የእርስዎን ቃል እንቢ አይሉም።»

«ለምን ትውጣ ሲሉኝስ?»

ረቂቁን አጣጠፍኩት።

«ለምን ይላሉ» አሉ ሐጂ። «ያሁን ልጆች ሁሉን ነገር ለምን ይላሉ። አንቺ ነሽ ያስተማርሻቸው። ለምን ሲሉኝ ምን ልበል? ውሸት ልናገር በዚህ ዕድሜዬ? እውነት ብናገር ጉማ ሰበርኩ። ደግሞስ ማን ጠቆመ ታዲያ ሲሉ የማንን ስም ልጥራ? የእሱ ልጆች ከኔ ልጆች ጋር አንድ ማዕድ ይበላሉ።» «ወላሂ፣ እናትሽን ባየሁ ቁጥር አፍራለሁ። ግን አፌ ታስሯል።»

ተናድጄባቸው ነው የተመለስኩት። ሚኒባሱ ውስጥ ሆኜ ግን ማን ላይ መናደድ እንዳለብኝ ጠፋኝ።

ስለዚህ የቀረኝ ሙያዬ ብቻ ነበር። በኮሚቴው ስብሰባ ላይ ተነሥቼ ስለ መስመሯ ተከራከርኩ። ማስረጃው አንድ ጋዜጣ ብቻ ነው፣ ጋዜጣውም የሹም አፍ ነው፣ ሹሙ ለራሱ ጥቅም የጻፈውን እንዴት ድንጋይ ላይ እንቀርጻለን አልኩ። ድምፄ ከሚገባው በላይ ከፍ ብሏል። የቀድሞ ተማሪዬ በአክብሮት ሲያዳምጠኝ ቆየ። ከዚያ ራሱን ዝቅ አድርጎ «መምህር፣ ትክክል ነዎት፤ አንድ ምንጭ ብቻውን አይበቃም ብለው ያስተማሩን እርስዎ ነዎት» አለ። «ግን ጋዜጣውን የሚያስተባብል ሌላ ምንጭ አለዎት?»

ሌላ ምንጭ ነበረኝ። ገብስ ማሳው ጫፍ ላይ ቆማ፣ በግ ሲታረድ፣ ውኃ ሲፈስ ያየች አንዲት ልጅ ነበረችኝ። ጠረጴዛው ዙሪያ ያሉት ሁሉ ያዩኛል። የእናቴ እጆች ታዩኝ።

«የለኝም» አልኩ።

መስመሯ ጸደቀች።

በምርቃቱ ቀን እናቴ ካልሄድኩ አለች። ብንለምናት፣ ብንቆጣት አልሰማችም። በባጃጅ ይዣት ሄድኩ። ድንኳን ተተክሏል፣ ፕላስቲክ ወንበር ተደርድሯል፣ የተራራው ነፋስ ድንኳኑን እያርገበገበ ማይክሮፎኑን ያስጮኸዋል። ከዳር አስቀመጥኳትና ጋቢዋን አጠበቅሁላት። ሐጂ የክብር እንግዳ ናቸው፤ ደግፈዋቸው ወጥተው ጨርቁን ገለጡ። አስተዋዋቂው ጽሑፉን በኦሮምኛም በአማርኛም ጮክ ብሎ አነበበው። የፍርድ ቤቱን አስተርጓሚ ጨምሮ። ሁለቱንም ቋንቋ እናቴ ትሰማለች፤ ስለዚህ ሁለቴ ሰማችው። ፊቷን ማየት አልቻልኩም።

ጭብጨባው ሲበርድ ሐጂ ወደ መቀመጫቸው አልተመለሱም። ድንኳኑ ጥግ ላይ ለውዱእ፣ ከሶላት በፊት ለሚታጠቡት፣ የተቀመጠ የፕላስቲክ ማንቆርቆሪያ ነበር። አነሡት። ሊቀበላቸው የሮጠውን ወጣት በእጃቸው ገፋ አደረጉት። በትራቸውን ትተው፣ እየተንገዳገዱ፣ በወንበሮቹ መካከል አልፈው እናቴ ፊት ደርሰው ቆሙ። እናቴ ቀና ብላ አየቻቸው፣ ገባት፣ ጋቢዋን ከክንዷ ላይ ገፋ አድርጋ ሁለት እጆቿን ዘረጋች። ሐጂ ጎንበስ ብለው አስታጠቧት። ውኃው ቀስ እያለ ወረደ፣ ጫማዋንና አቧራውን አራሰው። ሁለቱም ያለቅሱ ነበር። እኔም አለቀስኩ። መሐላው አልተሰበረም፤ ቃል አልወጣም። ሐጂ ግን በሕዝብ ፊት፣ ድንጋዩ ፊት፣ በውኃው አባቴ ንጹሕ ነበር አሉ።

ያንን ወግ የሚያውቁት ሽማግሌዎች አፈር ከለበሱ ቆይተዋል። ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሕዝብ ያየው የጀግናው ወንድም፣ የተከበሩ ሐጂ፣ ዝቅ ብለው ለባንዳው መበለት እጅ ሲያስታጥቡ ነው። በየቤቱ እንግዳን እጅ ያስታጥቡታል፤ እንዲህ ያለውን ትሕትና ማን አይረዳም? ስልኮች ሁሉ ወጡ። አስተዋዋቂው ድምፁ እየተቆራረጠ «ይቅርታ! ይህ ነው ይቅርታ! የጀግና ቤት ይቅር ባይ ነው!» ብሎ ጮኸ። ጭብጨባው ከቀድሞው በለጠ፤ እናቴ «ይቅርታ» የምትለዋን ብቻ ነው የሰማችው፣ ሐጂ የጠየቋት መሰላት። እንዲህ ያለ ጭብጨባ ሰምቼ አላውቅም፣ ከእንግዲህም አያሰማኝ።

በሳምንቱ የቀድሞ ተማሪዬ ደወለልኝ። ደስታው ከድምፁ ይሰማል፤ መበለቲቱን ይዛ የመጣች ጎረቤት መስዬዋለሁ።

«መምህር፣ ያ ያስጨነቀዎት ነገር እኮ ተፈታ! አንድ ምንጭ ብቻ ነው ብለው አልነበር? ቤተሰቡ ይቅር አለ ማለት እኮ ጥፋቱ ነበር ማለት ነው። ሁለተኛ ምንጭ ተገኘ።»

ጎበዝ አልኩት። ዘዴው ትክክል ነው፤ እኔ ያስተማርኩት ነው።

እሑድ ጎባ ወደ እናቴ ሄድኩ። ሳሎኑ ግድግዳ ላይ፣ ከማርያም ሥዕል አጠገብ፣ የምርቃቱ አዘጋጆች ያሳተሙት ትልቅ ፖስተር ተለጥፏል። ሐጂ ጎንበስ ብለው ውኃ ሲያፈሱ፣ እናቴ እጇን ዘርግታ። ከሥሩ በደማቅ ቀለም እንዲህ ይላል፦ «የጀግናው ቤተሰብ ለባንዳው መበለት ይቅርታ ሲያደርግ።» ጎረቤት ነው ያመጣላት። ራሷ ወንበር ይዛ ቆማ አስለጥፋዋለች።

«ደግ አደረግኩ?» አለችኝ። ለብዙ ዓመት አይቼው የማላውቅ ብርሃን ፊቷ ላይ አለ። «አሁን የገባ የወጣው ሁሉ ይየው።»

«እማዬ፣ ጽሑፉን አንብበውልሻል?»

«ለምን ያነቡልኛል? አውቀዋለሁ።» በጣቷ ፊደሎቹን ዳሰሰቻቸው። «ድንጋዩ የተጻፈው ሐጂ ከማስታጠባቸው በፊት ነው፣ ስላላወቁ ነው። ይሄ ግን የተጻፈው ካዩ በኋላ ነው። አይተው እንዴት ይሳሳታሉ?»

ከፖስተሩ ሥር ያለውን ወንበር ስቤ፣ ጀርባዬን ለግድግዳው ሰጥቼ ተቀመጥኩ። እንግዶች መጡ። አንዲት ጎረቤት ገብታ እናቴን ሳመቻት፣ ቀና ብላ ከእኔ ራስ በላይ አነበበች፣ ከዚያ ወደ እናቴ ዞራ በጣም በሚያሳዝን ድምፅ «እግዜር ይማረው» አለች።

«አሜን» አለች እናቴ፣ ደስ ብሏት።